ንብ ዝንብ ስትበላ

ባለፈው መስቀል አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ አክስቴ ቤት ሰንብተን ነበር። ጓሮዋ ውስጥ፣ ከቡናው ሥር፣ ሁለት የንብ ቀፎ አላት። አንድ ረፋድ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስልኬን ይዛ እየሮጠች መጣችና «አባዬ፣ ንብ ዝንብ ስትበላ አነሣኋት!» አለችኝ። ፎቶውን በጨረፍታ አየሁና «ጎበዝ!» አልኳት።

ንብ ግን ዝንብ አትበላም። ነገሩ የገባኝ ማታ ፎቶውን ሳጎላው ነው።

እርስዎም እንዲህ ያለ ፎቶ ቢገጥምዎ በክንፍ ብዛት ብቻ አይፍረዱ። ዝንብ ሁለት፣ ንብ አራት ክንፍ ቢኖራቸውም የንብ የፊትና የኋላ ክንፍ ተያይዞ አንድ ይመስላል። ፊታቸውን ይመልከቱ። ከላይ የተቀመጠው ዓይኖቹ የጎሉ፣ በዓይኖቹ መካከል አናቱ የጎደጎደ፣ ከአፉ በላይ ጢም የመሰለ ጸጉር ያለው ነበር። አዳኝ ዝንብ ነው፤ አሲሊዴ ከሚባለውና በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ ዝርያ ካለው ቤተሰብ። የተያዘችው ደግሞ አንቴናዋ እንደ ክርን የታጠፈ፣ የኋላ እግሯ ጠፍጣፋ። የአክስቴ ንብ!

ይህ ዝንብ አየር ላይ ይይዝና ወግቶ ምራቁን ያስገባል። ምራቁ የተያዘውን አደንዝዞ ውስጡን ያቀልጠዋል፤ ከዚያ ይመጠዋል።

ጠዋት ለቤተሰቡ አሳየሁ። የአክስቴ ልጅ ወዲያው ለጫት የሚረጨውን መድኃኒት አወጣ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልተቃወምኩም። አክስቴ ግን «መድኃኒቱ ንቤን መርጦ ይተዋታል? ደግሞስ ሌላ ምን እንደሚበላ ሳናይ?» አለች።

ስለዚህ ልጄ አራት ቀን ፎቶ አነሣች። ዝንቡ ወደሚያርፍበት ቅርንጫፍ ስለሚመለስ እዚያው ጠበቀችው፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ ጢምና አንቴና ስለሚደብቅም ከጎን አነሣችው። በአንዱ ፎቶ የቤት ዝንብ ይዟል፣ በሁለቱ ንብ፣ በአምስቱ ፌንጣ። አክስቴ ፌንጣውን ስታይ ሳቀች። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ምዕራብ ሐረርጌን ሲወር ቆርቆሮ እየደበደቡ ካባረሩት አንዷ ናት። መድኃኒቱ ወደ ጓዳ ተመለሰ።

ዘጠነኛውን ፎቶ ግን እስካሁን አልለየነውም። ያዡ ጢሙ ሳይቀር ይታያል፤ ከተያዘው የሚታየው አንድ ቀጭን እግር ብቻ ነው። ልጄ ትንኝ ናት ትላለች፣ አክስቴ ተርብ።