ለእናቶቻችን የምንፈርመው ወረቀት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችሁ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ወረቀት ፈርማችኋል። የተማራችሁ ስለሆናችሁ ወረቀቱ የሚሰጠው ለእናንተ ነው፤ ብዙ ጊዜም በእንግሊዝኛ ነው። «ኦፕራሲዮን ሊገቡ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» ትባላላችሁ። ከዚያ ወደ መስጂድ መጥታችሁ «ዱዓ አድርጉልን» ትሉናላችሁ፤ እኛም እናደርጋለን። ምን ላይ እንደፈረማችሁ ስንጠይቅ ግን ዝም ትላላችሁ።

አንዲት የሰፈራችን እናት ስኳር ነበረባቸው። እግራቸው ቆስሎ ሆስፒታል ገቡ። ልጃቸው እንዳይደነግጡ ብሎ «እማ፣ ቁስሉን ሊጠርጉልሽ ነው» አላቸውና ፈረመ። ሲነቁ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጧል። ልንዘይራቸው ስንሄድ ስለ ሕመሙ አላወሩንም። «ቀደሩን ተቀብያለሁ፤ ብቻ ቢነግሩኝ በሁለት እግሬ ቆሜ ሁለት ረከዓ እሰግድ ነበር» አሉን። መቆረጡ ግድ ሆኖ ይሆናል፤ ሐኪሞቹም ሕይወታቸውን ለማትረፍ ነው የደከሙት። ግን እግሩ የማን ነበር?

በሽተኛን ማስፈቀድ ከውጭ የመጣ ወሬ የሚመስለው ሰው አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ቤተሰቦቻቸው በአፋቸው ጎን መድኃኒት ሊያጠጧቸው ሲሉ በምልክት ከለከሏቸው። እነሱ ግን በሽተኛ መድኃኒት ይጠላል ብለው አጠጧቸው። ሲነቁ፣ ከልክያችሁ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቤት ውስጥ የነበሩትም ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲጠጡ አዘዙ። ዐባስ (ረ.ዐ) ብቻ ሲያጠጡ ስላልነበሩ ቀሩ። ሐዲሱን ያስተላለፉት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ያጠጧቸው እኮ የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው፣ ልክ እንደዚያ ልጅ።

ፉቀሃዎችም በጉዳዩ ላይ በሰፊው ጽፈዋል። ኢብኑ ቁዳማህ (ረሒመሁላህ) «አል-ሙግኒ» ላይ እንዳስቀመጡት፣ ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም ተፈቅዶለት ከሠራና እጁ ወሰን ካላለፈ ጉዳት ቢደርስም አይጠየቅም። ሳያስፈቅድ ከቆረጠ ግን ለሚደርሰው ጉዳት ዷሚን ነው፤ ካሣ ይከፍላል። ተፈቅዶለትም እጁ ካጠፋ ያው ነው። ስለዚህ «አንዴ ፈርመሃል፣ ምንም ማለት አትችልም» የሚላችሁን አትስሙ። ለሕፃንና አእምሮው ለተጓደለ ሰው የሚፈቅደው ወሊዩ ነው። አእምሮዋ ሙሉ የሆነ እናት ስላረጀችና ስለታመመች ብቻ ልጇ ወሊይዋ አይሆንም! ራሱን የሳተና ደሙ እየፈሰሰ የመጣ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱን ማትረፍ ይቀድማል።

(ሕክምና ሳያውቅ የሚያክምም ዷሚን እንደሚሆን በሐዲስ መጥቷል። ይህ የኛንም ሰፈር ይነካል። ሩቃ እናደርጋለን እያሉ ምንነቱን የማያውቁትን ቅጠል በጥብጠው የሚያጠጡ አሉ።)

የሀገራችን ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የታዘዙት፣ ለምሳሌ ክትባት፣ ሲቀሩ። ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ደግሞ በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለውን ነገር የሚያየው እንደ ውል ነው። ሐኪሙ የሚገባው ግዴታ አቅሙ የፈቀደውን ሊያደርግ ነው፤ በጽሑፍ ቃል ካልገባ በቀር አድናለሁ ብሎ ዋስ አይሆንም። ማዳኑማ የአላህ ነው። ውል ከሆነ ደግሞ አንዱ ወገን ምን እንደተዋዋለ ሳያውቅ እንዴት ይሆናል?

«ብንነግራት ትሞትብናለች» የምትሉን አላችሁ፤ ፍርሃታችሁ ይገባናል። ነገር ግን ሕመሟን ያላወቀች እናት ያለባትን ዕዳ፣ ቀዷ ያላወጣችውን ጾም፣ ጎረቤት ያስቀመጠባትን አማና ለማን ትናገር? ወሲያዋን መቼ ታድርግ? እሷን የማዘጋጀት መንገዱ ብዙ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በምትወደው ሰው አፍ መንገር ይቻላል። መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዶክተሩን እሷ ባለችበት ጠይቁት። ምኑ ነው የሚቆረጠው? ባይቆረጥስ? ሌላ መንገድ የለም ወይ? ማደንዘዣው ለልቧ ያሰጋል? አማርኛ የማትሰማ ከሆነ በኦሮምኛም በስልጢኛም ቃል ሳትዘሉ ተርጉሙላት፤ ሐኪሙ ቢቸኩልም ታገሱት፣ ወረፋው ረጅም ነው። መፈረም ካልቻለች ጣቷን ታኑር።

ከጀማዓችን አንዲት ነርስ እህት የኦፕራሲዮን ስምምነት ፎርም ይዛ ልታስረዳን ፈቃደኛ ሆናለች። ቅዳሜ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በመስጂዱ መድረሳ ውስጥ ነው፣ ኢንሻአላህ። ለሴቶች ቦታ ተዘጋጅቷል፤ እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ።