በታላላቅ ዛፎች አገር መቀስ ይዘው ሥራ ስለሚጠብቁ ሰዎች

ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሰሜን በቢስክሌት የሚጓዝ መንገደኛ፤ ከብዙ ቀን ድካም በኋላ ሀምቦልት ከሚባለው የካሊፎርኒያ አውራጃ ይደርሳል። ደኑ ሬድውድ በሚባሉ ዛፎች የተመላ ነው፤ ከእነርሱም ረጅሙ ከ115 ሜትር ይበልጣል። «የግዙፎች ጎዳና» በተባለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው በቀትር እንኳ ከጥላ አይወጣም።

በመስከረምና በጥቅምት ግን ለብዙ ዘመን የሚታየው ዛፍ ብቻ አልነበረም። ጋርበርቪልና ሬድዌይ በሚባሉት ትንንሽ ከተሞች ዳር፤ ከስፔንና ከአርጀንቲና ከሌላም አገር የመጡ ወጣቶች ጓዛቸውን ተንተርሰው፤ መቀስ የተሣለበት ካርቶን ይዘው፤ ቀጣሪ ሲጠባበቁ ይገኙ ነበር። በአውቶሞቢል የሚያልፍ ሰው ልብ አይላቸውም፤ በቢስክሌት የሚሄድ ግን ፊታቸውን ያያል፤ ሰላምታም ይለዋወጣል። ሥራቸውም የዕፀ ፋሪስን አበባ ከቅጠሉ እየከረከሙ መለየት ነበር።

ተክሉ በዚያ የተስፋፋው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተማን ትተው ወደ ገጠር በገቡ ሰዎች ነው። የእንጨቱ ሥራ ሲደክም ብዙ ቤተ ሰብ በእርሱ ይተዳደር ጀመር። ሕግ ይከለክለው ስለ ነበር፤ ከ1983 ጀምሮ መንግሥት በሄሊኮፕተር እያሰሰ ያስነቅል ነበር። ዋጋውም በዚሁ ምክንያት ከፍ ብሎ ቆየ። ከርካሚውም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ለሚያንሰው አንድ ፓውንድ፤ በደኅናው ዘመን እስከ 200 ዶላር ያገኝ ነበር። ነገር ግን ባለ እርሻው ደመወዙን ቢከለክለው፤ ሥራው ከሕግ ውጭ ነውና አቤት የሚልበት ዳኛ አልነበረውም። በሩቅ ተራራ በሴቶች ላይ የተደረገውም ግፍ ብዙ ጊዜ ሳይከሰስ ቀረ።

ዕፁ በ1996 ለሕመምተኞች፤ በ2016 በሕዝብ ድምፅ ለአዋቂዎች ሁሉ ተፈቀደ፤ ከ2018 መጀመሪያም አንሥቶ በግልጽ ይሸጥ ጀመር። ፈቃድ ባለው እርሻ የሚሠራ ሰው ያን ጊዜ ዳኛ አገኘ፤ ብዙው ግን ሥራውን አጣ። በሌሎች አውራጃዎች ሰፋፊ እርሻዎች ተከፈቱ፤ የመከርከሚያ መኪና በመቀስ ፈንታ ገባ፤ በ2021 ዋጋው ወደቀ፤ ብዙ ትንንሽ እርሻዎችም ተዘጉ። ዛሬ በመንገዱ ዳር የሚቆሙት ጥቂቶች ናቸው፤ የከተሞቹም ገበያ ቀዝቅዟል።

እንግዲህ መከልከሉም ሆነ መፈቀዱ ከሁሉ ይልቅ የከበደው በባለ መቀሱ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁን ለሥራ ወደ ሰው አገር የሚልክ አባት፤ ደመወዙ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፤ ቢበደል ወደ ማን ይጮኻል ብሎ ይጠይቅ።