ከጎባ በላይ ስላለው መንገድ

ውድ እታለሜ፣

እማማ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። የላክሽውን ፎቶ አሳየኋት፤ ብስክሌትሽን ድንጋይ ላይ አስደግፈሽ፣ ከኋላሽ በረዶ፣ ከሥርሽ ሐይቅ። አየችው፣ አየችውና «ይህን ሁሉ ወጥታ ምን አገኘች?» አለችኝ። «ብርድ» ብዬ ገላገልኳት።

ክርክራችንን ግን አልተውኩም። ከዴንቨር በላይ ያለው የብሉ ስካይ ተራራ መንገድ 4,307 ሜትር ይደርሳል፣ በሰሜን አሜሪካ ከእሱ በላይ የወጣ አስፋልት የለም ብለሽ ኮርተሽብኛል። እውነትሽን ነው። ባሌ ውስጥ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው፤ እስከ ጫፉም ጥርጊያ መንገድ ይወጣል። በ70 ሜትር በለጥንሽ፤ ያውም በጠጠር! ስለዚህ ነይና እዚህ ውጪ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚሁ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማባበያ ነው።

ባሌን በብስክሌት አያለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎባ ድረስ በመኪና ሄዶ ከዚያ ይጀምራል። እኔ ከሐይቆቹ እንድንነሳ ነው የምፈልገው። አንደኛ፣ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው በማግስቱ 4,000 ሜትር ላይ ፔዳል ሲረግጥ ራስ ምታቱ አያስቀምጠውም። አንቺ ከፍታ የለመድሽ ብትሆኚም እኔ አልለመድኩም፤ ለእኔ እዘኚልኝ። ሁለተኛ፣ ያ ተራራ ትርጉም የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነስተሽ ስትደርሺበት ነው። ባቱና ላንጋኖ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከዚያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ልዩነት በእግርሽ ጡንቻ ካልከፈልሽው ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ዋናው አስፋልት በጭነት መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ አልወደውም። በሐይቆቹ ዳር በሚያልፉት የገጠር መንገዶች እንሄዳለን፤ አቧራው የዱቄት ያህል የላመ ነው። ላንጋኖ ውኃው ቡናማ ስለሆነ አትጠየፊው፣ እንዋኝበታለን። አቢያታና ሻላ ጎን ለጎን ሆነው እንደ እህትማማች የማይመሳሰሉ ናቸው። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ በአሮጌ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኛ ዳርቻው ገደል ነው። አቢያታ ጥልቀት የለውም። ወደ እሱ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ እየተቀዳ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ድሮ ውኃ የነበረበት ነጭ መሬት ላይ ብስክሌት መንዳት ያስደስታል፤ ለምን ሊነዳበት እንደቻለ ሲያስቡት ደግሞ ደስታው ይጠፋል። ብዙም አንቆይበትም።

ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ ያለው አስፋልት ነው፤ ስንዴና ገብስ፣ ስንዴና ገብስ። ስለዚህ መንገድ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጩኮ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ። እናንተ በትንንሽ ፕላስቲክ እየጨመቃችሁ የምትውጡትን ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር እዚያው ተይው። ሁለት ጉርሻ ጩኮ ዲንሾ ያደርስሻል። ዲንሾ ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን በጥዱ መካከል ቆሞ ያይሻል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ እዚያ ግን የሰፈር ፍየል ያህል ኩራት የለውም።

ጠጠሩ የሚጀምረው ከጎባ በላይ ነው። ጥዱና ኮሶው ያልቁና አስታው ይመጣል፤ አስታውም እያጠረ እያጠረ ሄዶ ሳነቴ ላይ ሜዳው ገላጣ ይሆናል። እዚህ ጋ ስለ መንገዱ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም መንገዱ ይደበድብሻል። ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ትልም በትልም የሆነ ነገር አለ፤ እጅሽን እስከ ክርንሽ ያደነዝዘዋል። እኔ የመንገድ ሠራተኛ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። እንዲያ አይደለም። ጎማ በፍጥነት ሲያልፍ ትንሿን ጉብታ ረግጦ ይነሳና ሲወድቅ አፈሩን ይገፋል፤ ተከትሎት የመጣው መኪና እዚያው ላይ ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በላቦራቶሪ ውስጥ አሸዋ ላይ ጎማ እያሽከረከሩ ያጠኑ ተመራማሪዎች ባሌስትራ በሌለው ጎማም ትልሙ እንደሚፈጠር አሳይተዋል። ወሳኙ ፍጥነት ነው፤ ከተወሰነ ፍጥነት በታች መንገዱ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ አይሱዙው በሠራው ጥፋት የምንቀጣው እኛ ነን። መፍትሔው ዳር ዳሩን መያዝ፣ የጎማውን አየር መቀነስ፣ መሪውን አለማነቅ ነው።

ጅብራዎቹን ከሩቅ ስታያቸው ሰው ቆሞ የሚጠብቅሽ ይመስልሻል። አንድ ጅብራ ለብዙ ዓመት ያድጋል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ይሞታል። ከሥራቸው ያለው መሬት በፍልፈል ተቆፍሮ አልቋል፤ በዓለም ላይ ባሌ ብቻ የሚገኝ፣ ትልቅ ራስ ያለው የፍልፈል ዓይነት ነው። ቀይ ቀበሮውን ሳነቴ ላይ ያኖረውም ይኸው ፍልፈል ነው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። በቡድን ይኖራል፣ ብቻውን ያድናል፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። አንገቱን ዘርግቶ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲጠብቅ ብታይ ብስክሌትሽን ጥለሽ ትቀመጫለሽ። የሚፈጀው የውሻ በሽታ ነው፤ ከቤት ውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ሲገባ ቤተሰቡን ሙሉ ይጨርሳል። ውሻ ስትወጂ አውቃለሁ። እዚያ ግን የሚከተለንን ውሻ ቁራሽ እየጣልሽ ወደ ላይ እንዳታስከትይው፣ አደራ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም። በዚያው በባሌ ተራሮች በምዕራብ በኩል ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ 3,469 ሜትር ላይ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚለው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል፣ በላያቸው ያለው ተራራ የበረዶ ግግር ተሸክሞ ሳለ። ምሳቸው ምን እንደነበር ገምቺ። የፍልፈል ጥብስ! እኔና አንቺ አንድ ሌሊት ብናድር ጀግና ነን ብለን ለዘመድ ሁሉ እንደውላለን።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከ60 በመቶ በታች ነው። ውኃው 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሻዩ ቶሎ ይንተከተካል፣ ግን አይጥምም። ቆመሽ ትገፊያለሽ፤ እኔም እገፋለሁ፤ ማንም አያየንም።

እታለሜ፣ አባባን እዚህ ማንሳቴ አይቀርም። እሱ በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ተመላለሰ! ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ይዞ ደሎ መና ወርዶ ቡና ጭኖ ይመለሳል፤ ለእማማ የሐረና ማር ያመጣል። አንቺ ትልቅ ስለነበርሽ ከእኔ የበለጠ ታስታውሻለሽ። የሚያወራው ግን ሁልጊዜ ስለ መኪናው ነበር። የትኛው ዳገት ላይ ስንተኛ ማርሽ፣ የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን እንደሚግል፣ ሳነቴ ላይ ሌሊት ሞተር እንደማይጠፋ። ቀበሮ አይቶ እንደሆነ እንኳ አንድ ቀን አልነገረንም። ስምንት ቶን ከኋላው እየገፋው ዓይኑን ከመንገዱ ማንሳት አይችልም ነበርና እኔ አልፈርድበትም። እሱ ያላየውን ነገር ሁሉ ከአንቺ ጋር ሆኜ ቀስ ብዬ ማየት ነው የምፈልገው። ጓደኞች አሉኝ፣ ከእነሱ ጋርም መሄድ እችል ነበር። ከእነሱ ጋር ግን የኤንትሬው ጥሩምባ እንዴት እንደሚጮህ ማን ያስታውሰኛል?

ከሳነቴ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ከዳገቱ ይከፋል። ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ጠዋት ከሆነ ጉም ከሥርሽ ነው። የሪራን መንደር ስናልፍ ዛፎቹ ሽበት በመሰለ ሽበቶ ተሸፍነው መንገዱ ላይ ይጋጠማሉ፤ ጃኬትሽን አንድ በአንድ እያወለቅሽ ትወርጃለሽ። ከዚያ በታች ቡናው ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ነው። አንበሳም አለ ይላሉ፤ ይህን ለእማማ አልነገርኳትም፣ አንቺም አትንገሪያት።

አሁን ወደ ሥራው። የምትመጪው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ መንገዱ ግን ደረቅ ነው። አዲስ ብስክሌት አትግዢ፤ ያው ያለሽ ይበቃል፣ ጎማው ብቻ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ትርፍ ጎማ ሁለት፣ ካላማዳሪ አራት፣ የፍሬን ሸራ ለሁለታችንም፣ አንድ ካቴና። ሌላውን ጎሚስታ አያቅተውም፤ በዚህ ልክ ያለ ጎማ ግን እዚህ ለማግኘት ስለሚያስቸግር ነው።

እማማ ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችና «እኔም ጎባ ድረስ በሚኒባስ እመጣለሁ፤ አባታችሁ ያድርበት የነበረው ቡና ቤት ካለ አያለሁ» አለች። ጉልበትሽስ ብላት ተቆጣችኝ። ስለዚህ ከእሷ ጋር ቀኑን ቆርጠን መነጋገር ስላለብን የዓመት ፈቃድሽን መቼ እንደምታገኚ በቶሎ ጻፊልኝ። የፍሬን ሸራው የእኔ ባለ ዲስክ ነው፤ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ነገ እልክልሻለሁ።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ