የክረምት ንባብ በድሬ ሐሩር

ክረምት ሲገባ ፌስቡክ ላይ ዕቅድ ይዘንባል። አንዱ «እስከ ጳጉሜን 20 መጽሐፍ» ይላል። ሌላዋ የእርምጃ መቁጠሪያዋን ፎቶ አንስታ «10,000 ሞላሁ» ትላለች። አብዛኛው ለጣፊ የአዲስ አበባ ሰው ነው። እዚያ ሐምሌ ማለት ዝናብ፣ ጋቢና ትኩስ ሻይ ነው፤ ሰው ቤት ስለሚውል ያነባል፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አይራመድም። የእኛ የድሬዎች ጣጣ ሌላ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ከተማው ትንሽ ይተነፍስና ወዲያው ወበቁ ይነሣል። እዚህ አገር በስድስት ሰዓት ለጤናዬ ብሎ የሚራመድ ሰው ካያችሁ፣ ጤናውን ተጠራጠሩ። ለእግር የተፈቀደው ማለዳና ምሽት ብቻ ነው፤ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ወይም ከጠለቀች በኋላ። መሐሉን ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን ያገለድማል፣ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል። ስለዚህ መጽሐፍና እግር ድሬ ላይ በሰዓት የሚጣሉበት ምክንያት የለም፤ ፀሐይዋ ራሷ ደልድላቸዋለች።

«ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰበብም አያዋጣንም። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ማን እንደሚበላው እናውቃለን፤ በርጫና ስልክ ናቸው። በርጫን ልኮንን አልተነሣሁም፤ በርጫው ላይ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥ ሰውም አውቃለሁ። ችግሩ ምርቃናው ሲመጣ 20 መጽሐፍ ማቀድ፣ ሲወርድ አንዱንም አለመግለጥ ነው።

እኔ የቁጥር ዕቅድ አይጥመኝም። 10,000 እርምጃ የሚባለው ራሱ ከሐኪም ቤት የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ አንድ እርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ሲቀርብ የተለጠፈበት የማስታወቂያ ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በደቂቃ ነው፤ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፣ ሞቅ ባለ እርምጃ። ትንሹን ብንወስድ በቀን 22 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል።

150 ሲባል ትዝ የሚለኝ ዳዊት ነው። መቶ ሃምሳው መዝሙር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተከፋፍሎ የሰኞው ሰኞ፣ የማክሰኞው ማክሰኞ ይደገማል፤ ቅዳሜ ያልቃል፣ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልይ ይነበባል፣ ሰኞ እንደገና «ሀ» ይባላል። ቁርዓኑም በ30 ጁዝ ተከፍሎ ረመዳን ላይ በቀን አንድ ጁዝ የሚጨርሰው ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች «በዚህ ዓመት ስንት መጽሐፍ ጨረስኩ» ብለው አያውቁም። የዕለት ድርሻቸውን ያውቃሉ፣ እሱኑ ይወጣሉ። ደግሞ እነሱ ዘንድ ንባብና እግር ተለያይተው አያውቁም ነበር። የቆሎ ተማሪው ቅኔ ለመቁጠር ከደብር ደብር፣ ደረሳው ኪታብ ለመቅራት ከሼህ ሼህ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ዳዊቱም በማኅደር ሆኖ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። አሁን የሁለቱን ሚዛን እንዴት እንጠብቅ ብለን የምንጨነቀው፣ መቀመጫና መንገድን ከለያየን በኋላ ነው።

እንግዲህ እኛም በድርሻ እናስላው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ጨምሮ 65 ቀን አለ። በቀን 10 ገጽ ማለት 650 ገጽ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ቢሆንም በዚህ ስሌት ነሐሴ ውስጥ ያልቃል፣ ለአንድ ቀጭን መጽሐፍም ቦታ ይተርፋል። ሁለት መጽሐፍ ብቻ? አዎ፣ ሁለት። ግን የተነበቡ።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ የማውቃቸው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን በር ላይ አውጥተው፣ እርጥብ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መጽሐፉን ክንዳቸው እስከሚደርስ አርቀው ያነባሉ፤ መነጽሩ ካረጀ ቆይቷል። አንድ ገጽ ሲጨርሱ ጣታቸውን አያረጥቡም፣ በላቡ ይገለጣል።

«ጋሼ፣ ዛሬም እዚያችው ምዕራፍ ላይ ነዎት?» አልኳቸው።

«ምን አስቸኮለኝ ልጄ? ባቡሩም እኮ ቸኩሎ ነበር፤ ይኸው ሄዶ ቀረ» አሉኝ።

ወደ እግር ልመለስ። ለእውነተኛ እርምጃ ከዚራን የሚያህል የለም። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ግራ ቀኝ የተጋጠመ። ማለዳ ጠራጊዎቹ ቅጠሉን ሳያነሡ፣ ባጃጆቹ ሳይንጫጩ የለገሃርን አካባቢ መዞር ነው። መጋላ ሰፈር ግን አይሆንም። ጠመዝማዛው ደስ ይላል፣ ነገር ግን በየአሥር ሜትሩ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም ሰላምታ አለ፤ ሳምቡሳው ይሸታል፣ አንዱ ሆጃ ጠጣ ይላል። ልብ ከፍ ብሎ ሳይመታ ሆድ ሞልቶ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልናገር። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ሲሆን አሸዋው ለእግር ይመቻል፤ ብዙ ሰው እዚያ ይወርዳል። በክረምት አትውረዱ። እናንተ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ደንገጎ በኩል ሊዘንብ ይችላል፣ ጎርፉም ሳይነግር ነው የሚደርሰው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ከ250 በላይ ሰው ወስዶብናል። አስፋልት ላይ መራመድ ጉልበት ቢያሳምም ይሻላል።

መጽሐፉንና መንገዱን አንድ ላይ የሚፈልግም መላ አለው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ማዳመጥ ንባብ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኔ ንባብ ነው ባይ ነኝ። የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ በዚያ ድምፅ የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ ድምፁ አብሮት ይመጣል። ይልቅ አንዱን ጆሮ ለባጃጅ ክፍት አድርጉ።

ድሬ ላይ የሚያስቸግረው ሰዓቱ አይደለም፣ መጽሐፉን ማግኘቱ ነው። የፈለግነውን ያህል ምርጫ የለንም፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስናገኝ «አራት ኪሎ ጎራ በልና» እያልን እንለምናለን። ሐምሌ 19 ሲደርስ ለኩሉቢ ገብርኤል በድሬ የምታልፉ ሁሉ፣ ከስለቱ ጎን ያነበባችሁትን አንድ መጽሐፍ ሻንጣ ውስጥ ጨምሩልን። እዚሁ ጻፉልኝ፤ ለገሃር ድረስ በእግሬ መጥቼ እቀበላለሁ።