ስፒከሩስ እሺ፣ ባትሪውስ?

የገንዳ ውሃ ከተማ ልጆች ሞተር ላይ ስፒከር ማሰር ሲያምራቸው የሚከራከሩት ስለ ቤዙ ነው፤ ባትሪውን የሚያነሳ የለም። የትንሽ ሞተር ባትሪ 12 ቮልት ይሁን እንጂ አቅሙ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 9 አምፒር ሰዓት ነው። 20 ዋት የሚበላ ማጫወቻ ወደ 1.7 አምፒር ይስባል። ሞተሩን አጥፍቶ ጥላ ስር ሙዚቃ ሲኮመኩም የዋለ ሰው፣ ማታ ሞተሪኖው እምቢ ሲለው በእግሩ እየረገጠ ላብ በላብ ይሆናል። የኛ የቆላ ሙቀት ደግሞ ባትሪን ቶሎ ያስረጃል።

ሽቦው ከባትሪው ይነሳ፤ ፊውዙ ፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ይግባ፤ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ሪሌ ይደረግለት። ያለ ፊውዝ በነዳጅ ታንከር ስር የተጎተተ ሽቦ ካየሁ አልሳፈርም፣ በነፃም ቢሆን።

ምን ይከፈት ለሚለው ክርክር የለኝም፦ መሐመድ ወርዲ! ሱዳናዊው ድምፃዊ በ2004 ዓ.ም. ቢያርፍም፣ በአምስት ድምፅ የተቃኘው ዜማው ለጆሯችን ባዳ አይደለም። ብቻ ከኋላ የሚመጣው የሰሊጥ አይሱዙ ጡሩንባ እንዲሰማችሁ ቀነስ አድርጉት።

ሄልሜት ውስጥ ኢርፎን የምትሰኩት ደግሞ፣ ሌላ ቀን እመጣባችኋለሁ።