የፊርማ ክብደት

የማዕድን ኩባንያዎች «መሬቱንና ውሃውን እንጠብቃለን» ብለው ቃል ሲገቡ በሰማሁ ቁጥር፥ ሐሳቤ ወደ ብራዚል ይሄዳል። በብሩማዲኞ፥ ከብረት ማዕድን ማጣሪያ የተረፈው ጭቃ 86 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተከማችቶ ነበር። መሐንዲሶችም ግድቡ ጽኑ ነው ብለው ፈረሙለት። ጥቂት ወራት ቆይቶ፥ ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም. በምሳ ሰዓት ተናደ፤ ከሥሩ የነበረውን የሠራተኞች ምግብ ቤት ጠርጎ 270 ሰዎችን ፈጀ። የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ እንኳ አልጮኸም።

እኔም ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝና፥ ከጭቃው ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ያ ፊርማ ነው። በ2012 ዓ.ም. ስለ እነዚህ ግድቦች ዓለም አቀፍ ደንብ ወጣ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ደንብም የሚጸናው በፈራሚው ሕሊና ነው። አንባቢ ሆይ፥ ነገ ማኅተሙ በእጅህ ሲገባ፥ አስቀድመህ ከግድቡ ሥር ማን ምሳውን እንደሚበላ ጠይቅ።