የማሽኗ ጀርባ

ባለፈው ፋሲካ ልጄ ከሜሪላንድ የ4 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅ ልጄን ያን ጊዜ ነው በዓይኔ ያየሁት። አስም አለበት፤ ፈሳሽ መድኃኒቱን እንደ ጉም በትና በጭንብል የምትሰጠው ማሽንም አብራው መጥታለች።

በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሳሉ ተነሳበት። ደረቱ ሲያፏጭ ሳሎን ድረስ ይሰማል። የማሽኗ ስፒና ጠፍጣፋ ስለነበር ከሶኬታችን አልገባ አለ። እኔ ፈጣኑ አያት አዳፕተር አምጥቼ ሰካሁት። ማሽኗ እንደ ወፍጮ ጮኸች። «አቤት ጉልበቷ!» ብዬ ተደንቄያለሁ እኮ! ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ጸጥ አለች።

ጎረቤት በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። መንገዱን ሁሉ የልጁን ትንፋሽ ስቆጥር ነበር። ኦክስጅንና መድኃኒት ተሰጥቶት ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ወሰደው። ልጄ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ማሽኗን ገልብጦ ጀርባዋን አሳየኝ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። «ጋሼ፣ አዳፕተሩ የስፒናውን እግር ነው የቀየረው እንጂ መብራቱን አልቀነሰውም» አለኝ። እኔን ያታለለኝ የልጄ ስልክ ቻርጀር ነው፤ በዚያው አዳፕተር ምንም ሳይሆን ሲሠራ ሰንብቷል። ጀርባውን ሳየው ለካ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ የእነሱንም የእኛንም ይችላል።

120 ብቻ ለሚል ዕቃ መብራቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እሱም የሚችለው ዋት ከዕቃው ዋት መብለጥ አለበት። ትራንስፎርመር ግን ኸርዙን አይለውጥም፤ አንዳንድ ሞተር ያለው ዕቃ ቮልቱ ቢስተካከልም በ50 ኸርዝ ሊግል ይችላል። ለልጁ እዚሁ በ220 የሚሠራ ማሽን ገዛን። ሐኪሙ ደግሞ መብራት ጭራሽ የማይፈልገውን፣ በፕላስቲክ ቱቦ የሚሳበውን የሚነፋ መድኃኒት አጠቃቀም አሳየን። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ይኼኛው ነው የተመቸኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ ለእማዬ የቡና መፍጫ ልላክላት?»

«መጀመሪያ ገልብጪና ጀርባውን አንብቢልኝ።»

ሳቀች። ትንሽ ቆይታ «120 ነው የሚለው» አለችኝ።

«በይ ተዪው፤ እናትሽ ሙቀጫዋን አልጣለችም» አልኳት።